አዳኝ ሲጠብቅ፣ አዳኝ ሲላላ

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቅጽ ሠራሁ። ሙያዬ ሶፍትዌር ማልማት ነው፣ የተመረቅኩትም በምህንድስና ነው፤ ቅጽ መሥራት የዕለት እንጀራዬ ነው ማለት ይቻላል። ይኼኛው የዱር እንስሳት ፓርክ ስካውቶች ለቅኝት ሲወጡ በስልካቸው የሚሞሉት ነበር። ቀን፣ ሰዓት፣ የጂፒኤስ ነጥብ፣ የታየው እንስሳ ዓይነትና ብዛት፣ የተገኘ ወጥመድ፣ የተያዘ ሰው፣ የተያዘ ከብት። ከሥር «ምርመራ» የምትል ባዶ ሳጥን አለች፤ እሷን በ200 ፊደል ገደብኳት። ለምን 200 እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። ስክሪኑ ላይ አምራ የምትታየው በዚያ ልክ ሆኖ ስላገኘሁት ነው፤ በቃ።

በጥምቀት ሰሞን ወደ ሐይቅ ሄጄ ቅጹን ለአጎቴ አሳየኋቸው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የአምባሰል ሰው ናቸው፣ አሁን የሚኖሩት ሐይቅ ከተማ ነው። በወጣትነታቸው ወደ ደጋ ወጥተው፣ እዚያው አግብተው፣ እዚያው ስካውት ሆነው ተቀጥረው፣ ጡረታ እስኪወጡ ከአንድ ፓርክ አልተነቀሉም። የትኛው ፓርክ እንደሆነ እንዳልጽፍ አስምለውኛል፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። ስልኩን ተቀብለው፣ ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ይዘው፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። «ጥሩ ነው» አሉኝ። ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ ዝም ብለው ቆዩና፦ «አንተ ልጅ፣ የለቀቅነውንስ የት ነው የምንጽፈው?»

ቅጹ የተያዘ እንጂ የተለቀቀ የሚባል ሳጥን የለውም። እኔም ትዝ አላለኝም ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ ቅጹ አይደለም፤ የአጎቴን ጥያቄ ይዤ ስላነበብኳቸው ሁለት መጻሕፍት ነው። ሁለቱም ስለ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ናቸው፣ ሁለቱንም የጻፉት የውጭ ሰዎች ናቸው፣ አንዱ ሌላውን የሚቃረን ነው። በአንድ ነገር ግን ይገናኛሉ ብዬ አስባለሁ።

የመጀመሪያው የሲ. ደብልዩ. ኒኮል «ከአፍሪካ ጣሪያ» ነው፤ በእንግሊዝኛ እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣ የትዝታ መጽሐፍ። ኒኮል በዌልስ የተወለደ፣ ጃፓን ሄዶ ካራቴ የተማረ፣ ኋላም ጃፓናዊ ዜግነት ወስዶ እዚያው በጃፓንኛ ሲጽፍ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2020 ያረፈ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1969 በሰሜን ተራሮች የፓርክ ዋርደን ነበር። ወቅቱ ፓርኩ ገና በወረቀት ያልጸናበት ነው፤ በሕግ የታወጀው እሱ በሚሄድበት በ1969 ነው። የዱር እንስሳት ጥበቃ የሚባለው መሥሪያ ቤትም ራሱ ገና ዳዴ የሚል ነበር። ዋልያ ከጥቂት መቶዎች አይበልጥም ይባል ነበር።

ሁለተኛው የፈረንሳዊው የታሪክ ተመራማሪ የጊዮም ብላን «የአረንጓዴ ቅኝ አገዛዝ ፈጠራ» ነው። በፈረንሳይኛ እ.ኤ.አ. በ2020፣ በእንግሊዝኛ በ2022 ወጣ። የሚነሳው ከግጭ መንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ ነዋሪዎች፣ ወደ 2500 የሚጠጉ ሰዎች፣ ከመንደራቸው ተነስተው ወደ ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ። በዓመቱ፣ በ2017፣ ዩኔስኮ ፓርኩን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሰረዘው፤ መዝገቡ ላይ የሰፈረው በ1996 ነበር። ብላን እነዚህን ሁለት ክስተቶች አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጣቸውና ይጠይቃል፦ ለመሆኑ ማን ነው ያዘዘው?

ከኒኮል ልጀምር። የእሱን መጽሐፍ በክፋት ማንበብ ቀላል ነው፤ ዘመኑ አልፎበታል። ግን ጥሩ ጸሐፊ ነው። ብርዱን፣ ጉሙን፣ ገደሉን ሲጽፍ እውነቱን ነው፤ እኔ ሰሜን የወጣሁት አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንም የጂባራው ተክል በማለዳ ውርጭ ለብሶ የሚቆምበት ሁኔታ ዓይኔ ላይ አለ። ሰውየው ደግሞ ቢሮ ተቀምጦ የጻፈ አይደለም፤ ካምፕ ሠርቷል፣ ከባለሥልጣን ተጨቃጭቋል፣ ተስፋ ቆርጦ ሄዷል። የተስፋ መቁረጡ ምክንያት ምንም ይሁን ምን፣ የሰሜንን እንስሳት ከልቡ ይወዳቸው እንደነበር አልጠራጠርም።

ችግሩ የትዝታ መጽሐፍ ባሕርይ ነው። ባለታሪኩ ራሱ ነው። የእሱ ስካውቶች ከእሱ ጋር የሚወጡ፣ የሚወርዱ፣ የሚታዘዙ ወይም የማይታዘዙ ሰዎች ናቸው። እነሱን የምናያቸው በዋርደኑ ዓይን ብቻ ነው፣ ዋርደን ደግሞ አለቃ ነው። ከአለቃ ወንበር ላይ ሆኖ ሲታይ፣ እንጨት ቆራጩን አይቶ ያለፈ ስካውት ሥራውን ያልሠራ ስካውት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ኒኮል ከሁለት ዓመት በኋላ ትቶ መሄድ ይችል ነበር፣ ሄደም። ስካውቱ ያን ዕለት ያለፈው ሰው በማግስቱ ገበያ ላይ ያገኘዋል፤ በወሩ ማኅበር አብሮት ይጠጣል። ይሄ የማይታይበት መጽሐፍ ስለ ጥበቃ የተጻፈ ነው ለማለት ይከብደኛል፤ ስለ ጠባቂዎች አለቃ የተጻፈ ነው።

ብላን በተቃራኒው አለቆቹን ነው የሚከስሰው። ክሱም ጠንካራ ነው። ለምሳሌ ፈረንሳይ ውስጥ ሴቨን የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 አካባቢውን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ያከበረው የእረኞቹንና የገበሬዎቹን አኗኗር ነው። ሰሜን ላይ ግን ያው እርሻና ያው ግጦሽ የፓርኩ ጠላት ተብሎ ተጻፈ። አንድ ዓይነት ሥራ፣ አንዱ ቅርስ፣ ሌላው ጥፋት። ይህን ሳነብ ለመጀመሪያ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ተነስቼ በክፍሌ ውስጥ ተንጎራደድኩ።

ለወሎ ሰው ደግሞ ሌላ የሚነካ ነገር አለው። ትምህርት ቤት የተማርነውን አስታውሱ፦ ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር፣ አሁን ግን 3 ወይም 4 በመቶ ነው የቀረው። ፈተና ላይ መጥቶልኛል፤ በትክክል መልሼ ነጥብ አግኝቻለሁ። ብላን ይህ 40 በመቶ የሚባለው ቁጥር ሲቀባበል የኖረ እንጂ ማንም ለክቶ ያገኘው እንዳልሆነ ያሳያል። ከእሱ በፊትም ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ይህንኑ ነገር አንስቶ ነበር። ዶናልድ ክረሚ ደግሞ በቀጥታ ወሎ ላይ ነው የመጣው፦ በ1930ዎቹ የተነሱ ፎቶግራፎችን ይዞ በ1990ዎቹ እነዚያው ቦታዎች ላይ ቆሞ እንደገና አነሳቸው። ዛፉ ጠፍቶ አላገኘውም፤ በብዙ ቦታ እንዲያውም በዝቶ ነው ያገኘው፣ ባብዛኛው ገበሬው ራሱ የተከለው። በረሃብ ስሙ የተነሳ ሁሉ የአገሬን ገበሬ «ደኑን ጨርሶ ራሱን ያስራበ» ሲለው ለሰማሁት ለእኔ፣ ይሄ ተራ የአካዳሚ ክርክር አይደለም። እናቴ የተከለችው ባሕር ዛፍ ከእነዚያ አንዱ ነው።

እንግዲህ ብላን ተሳስቷል እያልኩ አይደለም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። የብላን መጽሐፍ የትእዛዝ ሰንሰለት ይዘረጋል፦ ፓሪስ ዩኔስኮ አለ፤ ስዊዘርላንድ የጥበቃ ድርጅቶቹ አሉ፤ ከዚያ አዲስ አበባ፤ ከዚያ ደባርቅ፤ በመጨረሻ ስካውቱ። ትእዛዙ ከላይ ተነስቶ እስከ ስካውቱ ድረስ ይወርዳል፣ ስካውቱ ጋ ሲደርስ ይፈጸማል፣ ገበሬው ይቀጣል። ፕሮግራመር ይሄን ሰንሰለት ይወደዋል፤ አንዱ ፈንክሽን ሌላውን ይጠራል፣ የመጨረሻው ውጤት ይመልሳል። ግን እኔ የማውቀው ስካውት ትእዛዝ በትክክል የሚያስፈጽም አልነበረም። አጎቴ የሚሠሩበት ቦታ ትእዛዙ የሚጎብጥበት ቦታ ነበር። አንዳንዴ ወደ ምሕረት፣ አንዳንዴ ወደ ጉቦ፣ አንዳንዴ ወደ ፍርሃት፣ አንዳንዴም ከታዘዘው በላይ ወደ ጭካኔ። ኒኮል ከላይ ሆኖ ጠባቂውን እንደ ጉድለት ያየዋል፤ ብላን ከገበሬው ጎን ቆሞ እንደ ክንድ ያየዋል። ክንድ ደግሞ አያስብም። ሁለቱም መጻሕፍት የለቀቅነውን የሚጽፉበት ሳጥን የላቸውም፤ ልክ እንደ እኔ ቅጽ።

ብላንን ብቻ አንብቦ የሚነሳ ወጣት «እንግዲያው ስካውት ምን ያደርጋል?» ቢል አይፈረድበትም። እዚህ ላይ ግን ሌላ እውነት አለ። ፓርኩ የአደጋ መዝገብ ላይ በሰፈረበት በ1990ዎቹ አጋማሽ የዋልያ ቁጥር 250 ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት አሥርት ዓመታት ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ይሄ በፓሪስ ስብሰባ የመጣ አይደለም። ሰው ገደል ለገደል እየዞረ ነው የመጣው። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ደግሞ፣ ጥይት የቅኝት ጉዳይ መሆኑ ሲቀርና ስካውቱም እንደማንኛውም ሰው ነፍሱን ለማዳን ሲሮጥ፣ ቁጥሩ እንደገና ማሽቆልቆሉ ተዘግቧል። ጠባቂው ሲጎድል ምን እንደሚሆን ለማወቅ ንድፈ ሐሳብ አያስፈልግም።

ትንሽ ወደ ቋንቋ ልውጣ፤ ነገሩ ከመጻሕፍቱም የሚቀድም ይመስለኛል።

ቅጹን ስሠራ ስለ ሕገወጥ አደን በአማርኛ የተጻፈውን ለመሰብሰብ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። የፍለጋ ቃሌ «አዳኝ» ነበር። ከመጣልኝ ውስጥ ግማሹ ስብከት ሆኖ ተገኘ፦ ጌታና አዳኝ፣ አዳኝነቱ፣ አዳኛችን። «ደ» ሲጠብቅ እንስሳ የሚገድለው ነው፤ ሲላላ ነፍስ የሚያድነው ነው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማይጽፍ ሁለቱ በወረቀት ላይ አንድ ናቸው። አንድ ቃል ሁለት ቦታ ሁለት ነገር ቢል ምን እንደሚያስከትል ለአምባሰል ሰው አይነገርም፤ የውጫሌ ውል በ1889 እ.ኤ.አ. የተፈረመው እዚያው ነው፣ አንቀጽ 17ም እስከ አድዋ ወስዶናል። ለማንኛውም ፕሮግራሜን ማስተካከል አልቻልኩም፤ አረፍተ ነገሩን ሙሉ ካላነበቡ አይለይም።

ነገር ግን በአማርኛ የሁለቱ አዳኞች ዕድል እኩል አይደለም። ለገዳዩ አዳኝ ቋንቋችን ያላዘጋጀለት ነገር የለም። ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ ጥሎ ሲመለስ ፉከራው አለ፣ ሽለላው አለ፤ ሎቲ በጆሮው፣ ቅቤ በራሱ። «ግዳይ» የሚለው ቃል ራሱ ክብር አለው። ልጅ ሆነን ሠርግ ላይ የሰማነው ፉከራ ሁሉ ስለ ጣለ እንጂ ስለ ጠበቀ አይናገርም። ለጠባቂውስ? «ዘበኛ» ስድብ ለመሆን ትንሽ የቀረው ቃል ነው። «ጥበቃ» ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሕንፃ በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሸው ሰው ነው። የቀረን «ስካውት» ነው፤ እሱም ከውጭ የመጣ፣ የከተማ ልጅ ሲሰማው አንገቱ ላይ ስካርፍ ያሰረ ታዳጊ የሚያስብበት።

እንስሳቱ ግን ስማቸው በየቦታው አለ። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያ ነው። ዋልያ ቢራ አለ። አሥር ሳንቲም ላይ የደጋ አጋዘን አለ፤ አባቴ ኪስ ውስጥ ያለችውን አጋዘን በጣቱ እየዳበሰ ቀለጠች ይል ነበር። ዋልያን ለብሰን፣ ጠጥተን፣ ጮኸንለት፣ የሚጠብቀውን ሰው ምን ብለን እንደምንጠራው አልወሰንም።

በአምባሰል ደግሞ የባሰ ነው። እኛ ዘንድ «ጥበቃ» ማለት እህልን ከአውሬ መጠበቅ ነው። ማሽላው ሲያሽት ልጅ ማማ ላይ ይወጣል፣ ወንጭፉን ይይዛል፣ ዝንጀሮና ወፍ ሲያባርር ይውላል። አጎቴም ልጅ ሆነው ያደረጉት እሱን ነው፤ እጃቸው እስከ ዛሬ አይስትም። ስካውት ሆነው ሲቀጠሩ የገዛ እናታቸው፣ አያቴ፣ ነገሩ አልገባቸውም ነበር አሉ። «አውሬውን ነው ከሰው የምትጠብቀው? ደመወዝ ተሰጥቶህ?» ብለው ስቀውባቸው፣ ጎረቤትም ሰምቶ ስቆ። ይሄን ሳቅ ማንም ዋርደን፣ ማንም የታሪክ ተመራማሪ ሊሰማው አይችልም፤ ወንጭፉን ያላነገበ ሰው ማማው ላይ ወጥቶ ዓለም ወደ ታች ስትገለበጥ አያይም።

ሐይቅ ላይ የቀረበ ምሳሌ ግን ነበራቸው፤ እስጢፋኖስ ገዳም። ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ፣ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ጀምሮ፣ የገዳሙ ዛፍ ቆሞ የኖረው በጠመንጃ አይደለም፤ በግዝት ነው። «መነኩሴ ቢገዝት እግዜር ነው የሚያስጠብቅለት» አሉኝ አጎቴ። «እኔ ብገዝት ማን ይሰማኛል? ጠመንጃ ሰጡኝ።» መንዝ ላይ ጓሳን ሕዝቡ ራሱ ለዘመናት እየዘጋ እየከፈተ ያቆየው ዓይነት ሥርዓት ቢኖር ምን ሊሉ እንደሚችሉ ጠየቅኳቸው። «እሱ ጥሩ ነበር፤ የዘጋውም የሚጠላውም አንድ ሰው አይሆንም» አሉ።

እዚህ ላይ ስካውትን ስለመደገፍ የሚባለውን ነገር ማንሳት አለብኝ፤ ምክንያቱም የሚመጣልን ምስል ብዙ ጊዜ ከሌላ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ቪሩንጋ» የተሰኘው ዶክመንተሪ ፊልም በኮንጎ የጎሪላ ጠባቂዎችን ፊት ለፊት ያሳያል፣ እኔም አልቅሼበታለሁ። ቪሩንጋ ውስጥ ባለፉት አሥርት ዓመታት ከ200 በላይ ጠባቂዎች ተገድለዋል፤ ለእነሱ የጦር ጀግና ቋንቋ ይገባቸዋል። እኛ ጋ ግን የደጋው ስካውት አብዛኛው ቀኑ ከታጠቀ ቡድን ጋር አይደለም። በዓለም ላይ 500 ገደማ ብቻ የቀረው ቀይ ቀበሮ፣ እዚሁ ደቡብ ወሎ ውስጥ ቦረና ሳይንት ላይም ጥቂት ያለው፣ ከጥይት ይልቅ የሚሞተው ከቤት ውሻ በሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታና እርሻ ሜዳውን ስለሚገፋበት ነው። ውሻው የማን ነው? የስካውቱ ጎረቤት። እርሻው የማን ነው? የሚስቱ ወንድም። ጠላቱ አማቹ የሆነን ሰው የጦር ጀግና አድርጎ መሳል እሱን ማክበር አይመስለኝም፤ ከመንደሩ መነጠል ነው።

የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት በ28 አገሮች 7110 ጠባቂዎችን ጠይቋል፤ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ወባ፣ ከቤተሰብ ስለ መለየት። ጥሩ ነው፤ ቢያንስ ጠየቋቸው። ዓለም አቀፉ የጠባቂዎች ፌዴሬሽንም በየዓመቱ ጁላይ 31 ቀን የጠባቂዎችን ቀን ሲያከብር በሥራ ላይ የሞቱትን የክብር መዝገብ ያወጣል፤ ስም፣ አገር፣ እንዴት እንደሞተ። መዝገቡን እንደ ሥነ ጽሑፍ አነበብኩት፤ የተሻለ አጭር ታሪክ ብዙ አላነበብኩም። ያናደደኝ ነገር፣ የጠባቂ ስም ሙሉ ሆኖ ተጽፎ የማገኘው ሲሞት መሆኑ ነው።

አጎቴ ግን ስለ ስም አልተስማሙኝም።

ታሪኩን ለመጀመሪያ ጊዜ የነገሩኝ ያን ዕለት ነው። የሚስታቸው የአክስት ልጅ ድኩላ በወጥመድ ይዞ እያረደ ደረሱበት። ብቻቸውን አልነበሩም፤ አብሯቸው የነበረው ስካውት አይቷል፣ ስለዚህ መልቀቅ አይቻልም። ያዙት። ወረዳው የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ነው፣ መኪና የለም፤ ተያይዘው በእግር ሄዱ። ስንቅ ያለው አጎቴ ጋ ብቻ ነበር። «በሶውን አንድ ላይ በላን» አሉኝ። «እሱ እንዳሠረው ሰው አላኮረፈም፣ መንገድ ላይ ቀልዶም ነበር። ፍርድ ቤት ሲገባ ነው ፊቱን ያዞረው።» ወራት ታሠረ። ከዓመት በኋላ አማታቸው ሞቱ። ለቅሶው ላይ አጎቴ ድንኳን ሊተክሉ ሲነሱ ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝ ሰው ጠፋ። ሰው ሞልቷል፤ የሚይዝ ግን የለም። ጫፉን ይዘው ቆሙ። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆሙ ጠየቅኳቸው፤ «እስኪያመኝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ለቀቁ። አልደበቁኝም፣ አላፈሩበትምም፣ አልኮሩበትምም። አንዳንዱን የለቀቁት አዝነው ነው፣ አንዳንዱን ፈርተው፤ አንዴ ደግሞ ደመወዝ ለሦስት ወር ቀርቶባቸው የያዙትን ሰው ገንዘብ ተቀብለው። «እሱንም ጻፈው» አሉኝ። «እሱን ካልጻፍክ ሌላውን አያምኑህም።»

በሥራው ዘመናቸው ምን ቢደረግላቸው ይጠቅም እንደነበር ስጠይቃቸው፣ የጠበቅኩትን አልነገሩኝም። አንድ ጊዜ እንግዶች ካሜራ ይዘው መጥተው ቡትስ አደሏቸው፤ ሁሉም 43 ቁጥር ነበር፣ እሳቸው 40 ናቸው፣ ፎቶው ላይ ግን አድርገውት ይታያሉ። የፈለጉት ግን ሌላ ነበር፦ ደመወዝ በቀኑ፤ የዝናብ ልብስ፤ የተያዘ ሰው የሚወስድ መኪና። ከሁሉ በላይ ደግሞ የገዛ መንደራቸውን ሌላ ቀበሌ የመጣ ስካውት እንዲጠብቀው፣ እሳቸው የዚያን ሰው መንደር እንዲጠብቁ። «ድንኳኑን እንዲይዙልኝ» አሉ እየሳቁ።

ስማቸውን አውጥቼ ልጻፈው ስላቸው ነው ያስማሉኝ። «አብሽር፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር አይቆጨኝም። ሚስቴ ግን አሁንም እዚያ ዘመድ አላት፤ ሠርግም አለ፣ ለቅሶም አለ። ስሜን ካወጣህ የዚያን ልጅ ስምም አወጣህ።» እኔ መጻሕፍቱን የምወቅሰው ስካውቱ ሰው ሆኖ ስላልታየኝ ነበር፣ መፍትሔውም ስም ይመስለኝ ነበር። አጎቴ ስማቸው ቀርቶ ድንኳኑ እንዲጻፍ ነው የፈለጉት። አሁን ኒኮልንም ብላንንም መልሼ ሳነብ ስም አልቆጥርም። የምፈልገው ጠባቂው ሁለት ሐሳብ ሆኖ የቆመበትን ገጽ ነው። ኒኮል ውስጥ አንዳንድ ቦታ ሊመጣ ሲል ዋርደኑ ቀድሞ ይናገራል። ብላን ውስጥ ማኅደሩ ቀድሞ ይናገራል፤ ማኅደር ደግሞ የሚያስቀምጠው የተያዘውን ነው፣ የተለቀቀ ሰው ደብዳቤ የለውም። ለታሪክ ተመራማሪው ይሄ ከባድ ሰበብ መሆኑን እቀበላለሁ። ግን የተጻፈው የተያዘው ብቻ ከሆነ ጠባቂው ሁልጊዜ ያዥ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ይሄን አንባቢው እንዲያውቀው ማድረግ ይቻል ነበር።

እኔም ሰበብ አለኝ፤ ቅጹን ያዘዘኝ አካል የፈለገው ቁጥር ነበር። በብዙ አገር ስካውቶች የሚጠቀሙበት ስማርት የሚባለው ሶፍትዌርም ሲጀመር የተሠራው ቅኝትን ወደ ካርታና ወደ ቁጥር ለመለወጥ ነው፤ ለዚያ ሥራው ጎበዝ ነው፣ የእኔ ቅጽ ከእሱ አጠገብ የሚቆም አይደለም። ቁጥር ባይኖር ዋልያ 250 መድረሱንም አናውቅም ነበር። ሰበቤ ግን እዚያ ላይ ያበቃል፣ ምክንያቱም ምርመራ የምትለውን ሳጥን የገደብኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አላዘዘኝም።

ከሐይቅ ከተመለስኩ ከወራት በኋላ መረጃው ወደ ኤክሴል አልወጣ ብሏቸው ጠሩኝ። ችግሩን ለማግኘት መዝገቡን ከፈትኩ፤ ችግሩ ቀላል ነበር፣ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ የምርመራውን ዓምድ ማንበብ ጀመርኩና ሌሊቱ ተጋመሰ። አብዛኛው ባዶ ነው። ከዚያ «ዝናብ»። «ጉም ስለነበር አልታየም»። «ስንቅ አልቋል»። «ጅብ ሌሊት መጥቶ ነበር ምንም አላደረገ»። ከሁለቱ መጻሕፍት ያጣሁት ሰው እዚህ ተቀምጧል፤ በረደው፣ ራበው፣ ሰማ፣ ወሰነ። ረጅም የጻፉት ጥቂት ናቸው፣ የረዘመው ሁሉ 200ኛው ፊደል ላይ ተቆርጧል። ፕሮግራሙ ቀሪውን አልደበቀውም፤ ከመጀመሪያውም አልተቀበለውም፣ ስለዚህ የትም የለም። ገደቡን በማግስቱ አነሳሁት፤ «የተለቀቀ» የሚል ሳጥን ግን አልጨመርኩም። አጎቴን በስልክ ጠይቄ ነበር፤ «ሳጥን ካደረግከው አለቃ ያየዋል» አሉኝ።

ከተቆረጡት አንዱን እዚህ አኖራለሁ፤ ቀኑና ቦታው የለም። በዚያው መስመር ላይ ቁጥሮቹ እንዲህ ይላሉ፦ የታየ እንስሳ 0፣ የተገኘ ወጥመድ 0፣ የተያዘ ሰው 0፣ የተያዘ ከብት 0። ምርመራው፦

«ሁለት ልጆች ከአሥራ አንድ ፍየል ጋር አገኘን። ትልቁ 10 ዓመት ቢሆነው ነው። የማን ፍየል ነው ስንል እናታችን ታማ ተኝታለች አሉ። ወደ ጽሕፈት ቤት ልንነዳቸው ስንል ትንሹ አለቀሰ። ጓደኛዬን አየሁት እሱም አየኝ። መሽቶ ስለነበር እንዲህ አደረግን መጀመሪያ ፍየሎቹን ከገደሉ አፍ አርቀን ወደ መንደሩ መለስናቸውና ከዚያ